የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ሠራተኞች ስለ ንባብና ዲዛይን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ዳር ባለ ግቢ በጸሐፊነት፣ በመዝገብ ቤትና በሬጅስትራር የሚሠሩ ባልደረቦቼ የሚጠይቁኝን ሰብስቤያለሁ፤ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ አስቸጋሪው ይሄዳል።

ዲዛይን የግራፊክስ ባለሙያ ሥራ አይደለም እንዴ? እኔ ደብዳቤ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤም ዲዛይን ነው። ቁጥሩና ቀኑ የት ይቀመጥ፣ «ጉዳዩ» በምን ይለይ፣ ግልባጩ ከታች እንዴት ይደርደር የሚለውን በየቀኑ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ማስታወቂያ፣ ቅጽ፣ የስብሰባ አጀንዳ፣ የቢሮ በር ላይ የሚለጠፍ ስም፣ ይሄ ሁሉ ከእናንተ ጠረጴዛ ነው የሚወጣው።

ከጋምቤላ ወይም ከጅግጅጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ተማሪ አስቡት። ቱሉ ዲምቱ ላይ ከታክሲ ወርዶ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ግቢው በር ላይ ይደርሳል። የሚያገኘው የመጀመሪያ ሰው እናንተ አይደላችሁም፤ የለጠፋችሁት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ካልገባው መስኮታችሁን ያንኳኳል። ቀኑን ሙሉ «ይቅርታ፣ የት ነው የምመዘገበው?» ስትባሉ የዋላችሁበት ቀን ካለ፣ ተማሪውን ሳይሆን ወረቀቱን እዩት።

መጀመሪያ ምን ላንብብ?

ከሁሉ በፊት የራሳችሁን ተቋም የሴኔት ሕግ። ቅበላ፣ ዝውውር፣ ትምህርት ማቋረጥ፣ መልሶ መግባት፣ የውጤት ቅሬታ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ብዙ ቢሮ ውስጥ ይህ ሰነድ ከአንድ ኃላፊ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ሶፍት ኮፒውን ለምኑና ስልካችሁ ላይ አድርጉት። ከዚያ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011፤ የሴኔቱ ሕግ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ሦስተኛው ስለ ራሳችሁ ነው፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1353/2017። ፈቃድ፣ ዲሲፕሊን፣ ዕድገት፣ ቅሬታ የሚባሉት ነገሮች መነሻቸው ይሄ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ቁጥር 1064/2010 ነበር። አሮጌ ደብዳቤ ስትገለብጡ የአሮጌውን አዋጅ ቁጥርም አብራችሁ እንዳትገለብጡ ተጠንቀቁ፤ ይሄ ስህተት በጣም የተለመደ ነው።

ከዳር እስከ ዳር አንብቡ አልልም፤ እኔም አላነበብኩም። ማውጫውን እዩ፣ ትርጓሜ የሚለውን አንቀጽ በደንብ አንብቡ፣ ከዚያ ሥራችሁን የሚነካውን ክፍል ብቻ። ከሰርቪስ አውቶቡስ ወንበር የተሻለ የማንበቢያ ቦታ አላገኘሁም። ከሳሪስ እስከ ቂሊንጦ ባለው መንገድ ጥቂት አንቀጾች ይወጣሉ፤ መንገዱ ከተዘጋጋ ደግሞ ሙሉ ምዕራፍ።

አዋጆቹን ከየት አገኛለሁ? የአንዱ አዋጅ ዓመት ለምን ሁለት ዓይነት ይሆናል?

የፌዴራል አዋጆች የሚታወጁት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። የታተመውን አራት ኪሎ ካለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት፣ ሶፍት ኮፒውን ደግሞ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ ፈልጉ። በቴሌግራም የሚዞሩት ፋይሎች ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ናቸው፤ ግን አንዳንዶቹ ረቂቅ ሆነው ይገኛሉ። የነጋሪት ጋዜጣው ራስጌና የገጽ ቁጥር ከሌለበት ለደብዳቤ ዋቢ አታድርጉት።

ዓመቱ የሚለያየው በአቆጣጠር ነው። በአማርኛው ዓምድ 1152/2011 የሚለው በእንግሊዝኛው 1152/2019 ነው። አዋጁ አንድ ነው፤ መለያው መጀመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ነው። አንድ ባልደረባዬ ሁለቱን የተለያዩ ሕጎች መስለውት በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ሁለቱንም ጠቅሷቸዋል። ሌላም ልብ የምትሉት ነገር አለ። ጋዜጣው በሁለት ቋንቋ ነው የሚወጣው፤ ትርጉሙ ከተለያየ ግን የአማርኛው የበላይ ነው። ይህን የሚለው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው የከበደን ሰዎች አንፈር፤ የምናነበው ዋናውን ነው።

የአማርኛ አጻጻፌ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። ምን ይረዳኛል?

ጠረጴዛ ላይ አንድ መዝገበ ቃላት ይኑር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ያሳተመው አማርኛ መዝገበ ቃላት ለቢሮ ሥራ ይበቃል። የቃልን ሥር መቆፈር ለሚወድ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት አለ፤ የታተመው በ1962 ነው። እሱን አንድ ቃል ፍለጋ ከፍታችሁ ሻይ ሰዓት ያልፍባችኋል፣ ኋላ እኔን እንዳትወቅሱ። ለሰዋስው የባየ ይማም የአማርኛ ሰዋስው አለ። እሱ ግን ለተማሪ የተጻፈ ስለሆነ እንደ ልብ ወለድ አይነበብም፤ ግራ ሲገባችሁ የምትገልጡት ነው።

ስለ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሠ፣ ሰ ክርክር የኔ አቋም ቀላል ነው። አንዱን ምረጡና ሰነዱን በሙሉ በሱ ጻፉ። አንድ ገጽ ላይ «ዓመት» ብሎ ቀጣዩ ላይ «አመት» ማለት አንባቢውን ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩንም ያደናግራል። ፋይል ውስጥ ቃል ስትፈልጉ ማሽኑ ሁለቱን እንደ ሁለት ቃል ነው የሚያያቸው። የተማሪ ስም ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» በመዝገብ ሁለት ሰው ናቸው። ስም ከመታወቂያው ላይ እንዳለ ይገለበጣል፤ አይታረምም።

በነገራችን ላይ አራት ነጥብ አንድ ምልክት ነው። ሁለት ጊዜ «፡» እየነካችሁ «፡፡» የምትሠሩት ከሆነ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ሊከፈልባችሁ ይችላል።

የላክሁት አማርኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን ወይም የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ለምን?

ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ሳጥን ካያችሁ ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ ያኛው ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ስለሌለው ነው። ፎንቱን ጫኑለት፣ ያልፋል። የእንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ካያችሁ ግን ጽሑፉ የተጻፈው በድሮ ዓይነት ፎንት ነው። እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ግዕዝ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል መለያ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት ሌላ አማራጭ አልነበረም፤ ስለዚህ የድሮ ሰዎችን አንፈርድባቸውም። ዛሬ በዚያ መጻፍ ግን ምክንያት የለውም።

ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ለምረቃ በዓል ባነር ጽፌ፣ ፋይሉን እንዳለ በፍላሽ ይዤ ከተማ ወዳለ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ፎንቱ የድሮው ዓይነት ነበር፤ እነሱ ጋ ደግሞ የለም። ልጁ ፋይሉን ሲከፍት «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለው ቦታ ላይ የተደረደረውን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት አይቶ «ይሄ ፓስወርድ ነው?» አለኝ። ወደ ግቢ ተመልሼ፣ ሁሉንም እንደገና ጽፌ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው ያስረከብኩት።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ከተለወጠ የድሮው ነው፤ መለወጥ ወይም እንደገና መጻፍ አለበት።

እሺ፣ የትኛውን ፎንት ልምረጥ?

ሁለት ይበቃሉ። ለማስታወቂያ፣ ለስላይድና ለቅጽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፤ ረዘም ላለ ጽሑፍ፣ ለሪፖርትና ለምስክር ወረቀት ደግሞ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል። ሦስቱም ነጻ ናቸው። ኖቶዎቹ ከጎግል ፎንትስ ይወርዳሉ፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ብዙ ውፍረት አላቸው። አቢሲኒካ የብራና ጽሑፍ መልክ ያለው ቆንጆ ፎንት ነው፤ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ቦልድ ስትነኩ ወርድ በግድ ያወፍረዋል፣ ፊደሉም ውስጡ ይደፈናል። ርዕሱን በኖቶ፣ ዝርዝሩን በአቢሲኒካ ብታደርጉ ይሻላል።

ኒያላ የለመዳችሁ አንድ ነገር እወቁ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር። በዊንዶውስ 10 ግን እንደ ተጨማሪ ነው የሚጫነው። አዲስ ኮምፒውተር ሲገባላችሁ የድሮው ደብዳቤ መልኩ የሚቀየረውና አንድ ገጽ የነበረው ወደ ሁለት የሚፈሰው በዚህ ነው። ሌላው፣ አማርኛን በኢታሊክ አታዘንብሉ። ፊደሉ ለመዘንበል አልተሠራም፤ ነፋስ የመታው አጥር ይመስላል።

ለመጻፍ ምን ልጠቀም?

ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ እየነካ መጻፍ ለለመደ ኪማን የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ስልክ ላይ የጎግሉ ኪቦርድ ጂቦርድ። ይሄው ነው።

ዲዛይን አልተማርኩም። ማስታወቂያ እንዲነበብ ከምን ልጀምር?

ከመቀነስ። መንገድ ዳር ያለ፣ በእጅ የተሳለ የሽሮ ቤት ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ድስት፣ «ሽሮ»፣ ቀስት። ከታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ይገባችኋል። የእኛ ማስታወቂያ ደግሞ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይጀምርና ቀኑን አምስተኛው መስመር ላይ ይደብቀዋል። ማነው የሚመለከተው? ምን ያድርግ? መቼ? የት? እነዚህን አራቱን በትልቁ ከላይ አውጡ፤ የቀረው በትንሹ ከታች ይሁን።

የእንግሊዝኛ የዲዛይን ምክር ስታነቡ የማይሠራልን ነገር አለ። እነሱ ርዕስን በካፒታል ፊደል ያጎላሉ፤ ግዕዝ ካፒታል የለውም። ስለዚህ ያሉን መሣሪያዎች መጠን፣ ውፍረት፣ ባዶ ቦታና ቀለም ናቸው። ከነዚህ ውስጥ እኛ ቢሮ ውስጥ የተናቀው ባዶ ቦታ ነው። ወረቀት ላይ ክፍት ቦታ ሲታይ ብክነት ይመስለናል። ግን ርዕሱን ከዝርዝሩ አንድ ጣት ያህል ብታርቁት ብቻ ሁለት እጥፍ ይነበባል ባይ ነኝ። የመስመር ክፍተትንም ቢያንስ 1.15፣ ሲመቻችሁ 1.5 አድርጉ፤ ፊደሎቻችን ቁመታም ስለሆኑ ሲጠጋጉ ይተፋፈጋሉ።

ለርቀት የምልክት ሠሪዎች ልማድ አለ። 3 ሜትር ላይ ሆኖ በደንብ ለሚያነብ ሰው 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ይላሉ። እኔ ለአማርኛ ትንሽ እጨምራለሁ። በ«ቡ» እና በ«ቢ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ከሩቅ ስትታይ ቶሎ ትጠፋለች። ለቀለም ደግሞ በድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎች ያለው መለኪያ ይጠቅማል፤ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ንፅፅር። ዌብኤይም የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሁለቱን ቀለም አስገብታችሁ በነጻ መለካት ትችላላችሁ። ቢጫ በነጭ ላይ የሚጽፉ ሁሉ አንድ ጊዜ ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

ካንቫ ይሻላል ወይስ ወርድ?

ለሥራው ነው። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሪፖርት በወርድ ወይም በሊብሬኦፊስ። ፖስተር፣ የጥሪ ካርድ፣ ለቴሌግራም ቻናል የሚለቀቅ ምስል በካንቫ። ካንቫ በነጻው ብዙ ያሠራል፤ የራሳችሁን ፎንት መጫን ግን የክፍያው ነው። ያለ ኢንተርኔትም ቶሎ ይደክማል።

ወርድ ውስጥ ብዙዎቻችን ያልነካነው ሀብት ስታይልስ የሚባለው ነው። ርዕሶችን በእጅ ከማወፈር ይልቅ ሄዲንግ 1፣ ሄዲንግ 2 እያላችሁ ስጧቸው። የዓመቱ ሪፖርት ማውጫ በአንድ ክሊክ ይወጣል፣ ገጽ ሲጨመር ራሱን ያስተካክላል። ማውጫ በነጥብ በነጥብ ደርድራችሁ፣ ሰኔ 30 ማታ አንድ ገጽ ተጨምሮ ሁሉም የተዛነፈባችሁ ታውቁታላችሁ። አርማ ያለውን ደብዳቤም እንደ ቴምፕሌት አስቀምጡት። የባለፈውን ሳምንት ደብዳቤ ከፍቶ በላዩ ላይ መጻፍ አንድ ቀን የሌላ ሰው ስም ይዞ ይወጣል።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋስ?

እኛ ዳር ላይ ያለን ሰዎች ይህን ጥያቄ መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብን። መልሱ፣ ሲኖር አውርዱ ነው። ሊብሬኦፊስ፣ ለሥዕልና ለአርማ ኢንክስኬፕ፣ ለፎቶ ጊምፕ፤ ሦስቱም ነጻ ናቸው፣ አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ፎንቶቹን፣ አዋጆቹን፣ የሴኔቱን ሕግና አርማውን በአንድ ፎልደር አድርጉና ፍላሽ ላይም ስልክ ላይም ይኑር። እኔ ፎልደሩን «ስንቅ» ብዬዋለሁ።

ስካን የተደረገ ሰነድ ውስጥ ቃል መፈለግ ይቻላል?

ይቻላል። ስካን ምስል ነው፤ ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ናፕስ2 የሚባል የስካን ፕሮግራም ደግሞ እሱኑ በቀላል መስኮት ያቀርበዋል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስካኑን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አድርጉ፣ ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ይግባ። በማኅተም የተሸፈነው ቃልና የእጅ ጽሑፍ ግን አይነበብም። ቁጥርና ስም ከሆነ በዓይን ሳታረጋግጡ አትመኑት።

ለማተሚያ ቤት ምን ዓይነት ፋይል ልውሰድ?

ፒዲኤፍ። ፎንቱ ውስጡ ስለሚገባ እንደኔ ያለው ውርደት አይደርስባችሁም። ፎቶ ካለ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ ይሁን፤ ከቴሌግራም የወረደ ፎቶ ተጨምቆ ስለሚመጣ ሲታተም ይደበዝዛል። ቀለም እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚሄድ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር አስተርፉ፤ የሚቆረጠው እሱ ነው። አርማውን በኤስቪጂ ወይም በፒዲኤፍ የምታገኙበትን መንገድ ፈልጉ፤ ሲተልቅ አይፈርስም። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ብሎ ይወጣል፤ ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በአራት ቀለም ስለሚሠራ ነው። ባነር ከሆነ ከሙሉው በፊት ትንሽ ናሙና አስወጡ፤ እምቢ የሚል ቤት ካጋጠማችሁ ሌላ ቤት አለ።

ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ፎቶ ብጠቀም ምን አለበት? የተማሪዎችስ ፎቶ?

ጎግል ላይ ወጣ ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶ ሥራንም ይጠብቃል። አንስፕላሽ፣ ፔክስልስና ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ በነጻ የምትጠቀሙባቸው አሉ። ኮመንስ ላይ ከፎቶው ሥር ያለውን ፈቃድ አንብቡ፤ ብዙዎቹ የአንሺውን ስም ጻፉ ይላሉ። ከዚህ ሁሉ ግን የራሳችሁን ግቢ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በስልክ ብታነሱት የተሻለ ነው። የፈረንጅ ተማሪ ፈገግ ያለበት ብሮሸር ማንንም አያታልልም።

የተማሪ ጉዳይ ይለያል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስም፣ ፎቶ፣ መለያ ቁጥር፣ ስልክ የግል ዳታ ናቸው። የፊት ገጽታ ጎልቶ የሚታይበትን ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁ። የውጤት ዝርዝር ከነስሙ ግድግዳ ላይ ወይም ግሩፕ ላይ መለጠፍን ደግሞ ከዚህ በኋላ እንተወው፤ መለያ ቁጥርም ቢሆን ጓደኛ ሁሉ የሚያውቀው ከሆነ መሸፈኛ አይሆንም።

ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር ልጻፍ? ኤክሴል ለምን ያበላሽብኛል?

ለሀገር ውስጥ በእኛው፣ ወደ ውጭ ለሚሄድ በሁለቱም። «7 ወይም 8 ዓመት ቀንስ» የሚለው ግምት የሚያሳስተው ታኅሣሥ ላይ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፤ የፈረንጆቹ ጥር ከገባ 8 ይሆናል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው። የ2016 መስከረም 1 እንዲያ ነበር፤ የ2020ውም እንዲያው ነው። ትራንስክሪፕት ላይ የአንድ ቀን ልዩነት ኤምባሲ በር ላይ ስንት ምልልስ እንደሚያመጣ ሬጅስትራር ያላችሁ ታውቃላችሁ።

ኤክሴል የምትጽፉለትን ቀን የሚያነበው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ብላችሁ ስትጽፉ ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 5ን 5/13/2017 ብትሉት ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ ከተስተካከለ፣ ሜይ 13 ያደርገዋል፤ ዝም ብሎ፣ ሳይነግራችሁ። መፍትሔው ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» ማድረግና ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል 2018-02-30 እያሉ መሙላት ነው። እንዲህ ሲሆን በቅደም ተከተል መደርደሩም ይሠራል።

ሰዓትም አለ። ለውጭ እንግዳ «3፡00» ብላችሁ የጻፋችሁትን ስብሰባ እሱ ከሰዓት ይጠብቀዋል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በአማርኛው፣ 9 ሰዓት በእንግሊዝኛው፤ ሁለቱም ይጻፉ።

ማስታወቂያው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ መውጣት አለበት። እንዴት ላብቃቃው?

ከሸገር ከተማ ጋር በአጥር ለምንዋሰን ግቢዎች ይሄ የየዕለት ነገር ነው። አማርኛ በትንሽ ቦታ ብዙ ይይዛል። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ ረጅሙ አናባቢ ስለሚደገም መስመሩ ይረዝማል። ሦስቱን እኩል ስፋት ባላቸው ዓምዶች ጎን ለጎን ካደረጋችኋቸው አንዱ ይፈስሳል፣ አንዱ ባዶ ይቀራል። ከላይ ወደ ታች ብትደረድሯቸው ይሻላል። ቀን፣ ሰዓትና የክፍል ቁጥርን ደግሞ አንድ ጊዜ በትልቁ መሃል አድርጉት፤ ቁጥር ለሁሉም ቋንቋ አንድ ነው። የፊደሉ መጠን በሦስቱም እኩል ይታይ፤ አንዱን ማሳነስ ትርጉም አለው፣ ሰውም ያያል። ትርጉሙን በማሽን አትሥሩ፤ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ባልደረባ አጠገባችሁ አለ፣ ቡና ጋብዙት።

ደብዳቤ በቻትጂፒቲ ባስጽፍስ?

ለረቂቅና ለእንግሊዝኛ ማቃኛ ይጠቅማል፤ እኔም እጠቀማለሁ። ሁለት መስመር ግን አትለፉ። የተማሪ ወይም የሠራተኛ ስም፣ ውጤት፣ የሕክምና ወረቀት፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ አታስገቡበት። የአዋጅ ቁጥርና አንቀጽ ሲሰጣችሁ ደግሞ ነጋሪት ጋዜጣውን ከፍታችሁ ሳታዩ አትጻፉ፤ የሌለ አንቀጽ በሚያምር ቋንቋ ይፈጥራል። አማርኛው ላይ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ «አንተ» ብሎ ይጨርሳል። ለዲን የሚላክ ደብዳቤ ላይ ይህን ማን ሊያስረዳ ነው?

ነጻ ሥልጠና አለ?

አለ። ለወርድና ለኤክሴል የማይክሮሶፍት የራሱ የመማሪያ ገጾች ነጻ ናቸው። በ2016 ክረምት የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራምም ከፕሮግራሚንግ ሌላ የዳታ ትምህርት አለው፤ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ቁጥር ለሚያገላብጥ የዕቅድና የሬጅስትራር ሰው የዳታውን እመክራለሁ።

ኃላፊዬ «አርማው ይተልቅ፣ ሁሉም ቦልድ ይሁን፣ ቀይ ይግባበት» ቢሉኝስ?

አትከራከሩ። ሁለት አትሙ፤ አንዱን እሳቸው እንዳሉት፣ አንዱን እናንተ እንደመሰላችሁ። ሁለቱንም ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለጥፉና ሦስት ሜትር ርቃችሁ አብራችሁ ቁሙ። ከዚያ የሚያልፍ ተማሪ ጠርታችሁ «የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?» በሉት። በየትኛው ቶሎ እንደመለሰ ኃላፊውም ያያሉ።

እኛ ቢሮ ሞክሬዋለሁ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና ቀኑ ከላይ ይውጣ፣ ቀዩ ይቅር አሉ። አርማው ግን አሁንም የመሶብ ክዳን ያህላል።